መኪናዋ አገር ቤት፣ እናንተ ውጭ፦ የአሮጌ ፒካፕ ሞተር ሲያንኳኳ ብር ከመላካችሁ በፊት

"ሞተሩ ያንኳኳል፣ መካኒኩ ይውረድ ብሏል፣ ብር ላክ።" ይህ መልእክት የደረሰው ሰው ይህን ያንብብልኝ።

ለእኔ ከሦስት ዓመት በፊት ደረሰኝ። ደብረ ብርሃን ያለው ታናሽ ወንድሜ እህል የሚያመላልስባት አሮጌ ሃይሉክስ አለችን፣ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍታ ሞተር ያላት። ጋራዡ ብሮንዚን (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንኩ፣ የሚዞርበት ስስ የብረት ቅርፊት) በልታለች አለ፣ እኔም ላክሁ። ሞተሩ ወረደ፣ ተፈታ፣ ብሮንዚኑ ደህና ሆኖ ተገኘ። ተገጥማ ስትነሳ ያው ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ለካ ፊት ለፊት ቺንጋዎቹን (የጎማ ቀበቶዎቹን) የሚያዞረው የክራንኩ ፑሌጃ ላልቶ ነው። አንድ ብሎን! የሁለት ወር ቁጠባዬ በዚያ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሳልሰማ አልልክም።

በቀጥታ ጥሪ ግን አትስሙ። የስልክ ጥሪ የሰው ድምፅ እንዲጠራ ብሎ ሌላውን ጫጫታ ያፍነዋል፣ ሞተሩ ደግሞ ለስልኩ ጫጫታ ነው። ቪዲዮ ተቀርጾ ይላክላችሁ። የሚቀረጸው ጠዋት፣ መኪናዋ አድራ ሳትነሳ ነው። አገር ቤት ጠዋት 12 ሰዓት ማለት ለዋሽንግተን ሰው በአሜሪካ በጋ (ሰመር) በዋዜማው ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 11 ሰዓት፣ ስለሆነ ካላመሻችሁ አይሆንም። መካኒኩ ጋ ደርሳ ከሞቀች በኋላ የሚቀረጽ ቪዲዮ ግማሹን ነገር ይደብቃል።

ኮፋኖው ይከፈት። መጀመሪያ የዘይት መለኪያው ወጥቶ ይጠረግ፣ ተመልሶ ይግባ፣ ከዚያ ለካሜራው ይታይ። ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት መብራት በርቶ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው መጥፋት አለበት። ስልኩ ሞተሩ አናት ላይ፣ ቺንጋዎቹ ጋ፣ ከስር የዘይት ቋቱ ጋ፣ በመጨረሻ ጭስ ማውጫው ጋ ለየብቻ ይያዝ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ከዚያ ነዳጅ ቀስ እያለ ተረግጦ ሲለቀቅ። ሃያ ደቂቃ ተነድታ ስትሞቅ ደግሞ ያው ይደገም።

አሁን አዳምጡ። ከላይ የሚመጣ ፈጣን፣ ቀጭን ቲክ ቲክ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ነው፤ ይስተካከላል፣ ሞተር አያስወርድም። ጠዋት ብሶ ሲሞቅ የሚጠፋ ቲክታ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል፣ ዙሪያውን ጥላሸት ፈልጉ። ሲጥ የሚል የቺንጋ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚመጣ ወይም የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ሳይሆን የፍሪሲዮን ወይም የካምቢዮ ኩስኔታ (ቤሪንግ) ነው።

የሚያስፈራው ከስር የሚመጣው ከባድ ኳ ኳ ነው። ሲሞቅ ዘይቱ ስለሚቀጥን ይብሳል፣ ጭነት ሲኖርም ይብሳል። የዘይት መብራቱ ሚኒሞ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ መኪናዋ በዚያው ትቁም፣ ጋራዥ ድረስም አትነዳ፣ ትጎተት። መብራቱ ደህና ከሆነ ግን ሞተር ከመውረዱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ቺንጋዎቹ ወልቀው ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ይነሳ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ቺንጋዎቹ ከሚያዞሯቸው፣ እንደ ዲናሞና የውሃ ፓምፕ ካሉት፣ አንዱ ነው። ፑሌጃው ሲወዛወዝም ያኔ በዓይን ይታያል፣ የኛ እንዲያ ነበር። ሁለተኛ፣ መካኒኩ ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ ወደ እያንዳንዱ ኢንጄክተር የሚገባውን የናፍታ ቱቦ ተራ በተራ ትንሽ ያላላ። ናፍታው በኃይል ስለሚረጭ ይህን ወንድማችሁ አይንካው። አንዱ ሲላላ ኳኳታው ከተለወጠ ችግሩ እዚያ ሲሊንደር ላይ ነው። ከዚያ የዚያን ኢንጄክተር ከጎረቤቱ ጋር ይቀይሩት። ድምፁ ተከትሎት ከሄደ ኢንጄክተር ነው፣ ወጪው ከሞተር ማስወረድ ጋር አይወዳደርም። እዚያው ከቀረ ብሮንዚን ወይም ፒስተን ነው፣ ያኔ ይውረድ ማለት ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያቀናጀው ቺንጋ) ነገር አይረሳ። በነዚህ አሮጌ የናፍታ ሃይሉክሶች ብዙውን ጊዜ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ብዙዎቹም ዳሽቦርድ ላይ ለዚሁ የሚበራ መብራት አላቸው። ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ድምፅ ሳትጠብቁ አስቀይሩት።

ሞተሩ መውረዱ ካልቀረ የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ላኩ። የተበላው ብሮንዚን ወንድማችሁ እጅ ላይ ሆኖ ፎቶ ይነሳ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃም ቤት ይግባ። ዕቃው አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገዛ ከሆነ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይሂድ። "ሙሉ ሞተር እንቀይር" ካሏችሁ ደግሞ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር እንዳለ አስታውሱ። ቁጥሩ መስተካከል አለበት፣ መኪናዋ በስማችሁ ከሆነ ለዚህ ውክልና ያስፈልጋል፣ ውክልና ደግሞ ጊዜ ይወስዳልና ነገ ዛሬ ሳትሉ ቆንስላ ጨርሱት።

አሁን ደህና ከሆነችም አንድ ቪዲዮ አስቀርጻችሁ አስቀምጡ፣ ማወዳደሪያ ይሆናል። ወንድሜ በየሦስት ወሩ ይልክልኛል። ባለፈው የመጣው ላይ ከቺንጋዎቹ በኩል ቀጭን ፉጨት ሰማሁና ደወልኩለት። እጁን ሰዶ ሲዳስስ የውሃ ፓምፑ ስር እርጥብ ነው።