በረዶ መስሪያው ውሃ አልሞላ ሲላችሁ
ኮምቦልቻና ደሴ እየተመላለስኩ ፍሪጅ እጠግናለሁ። ረመዳን ሲቃረብ ወይም የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ስልኬ አያርፍም። «የፍሪጁ በረዶ መስሪያ ማሽን ይሠራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ውሃ ግን አያስገባም» ነው ጥሪው ሁሉ። አብሽሩ። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው። የሚደርሰው ውሃ ነው ጉልበት ያጣው። ስለዚህ ካቻቪት ከማንሳታችሁ በፊት እኔ በማይበት ቅደም ተከተል እዩት።

ቀላሏን አስቀድሙ። ከበረዶ ሳጥኑ በላይ አንዲት የሽቦ ክንድ አለች። ከተነሳች ማሽኑ ሳጥኑ የሞላ መስሎት ይቆማል። ፍሪዘሩ ውስጥ የተጠቀጠቀ የሥጋ ፌስታል ገፍቶ ያነሳታል። ወደ ታች መልሷት። በክንድ ፈንታ ማብሪያ ማጥፊያ ያለውም አለ፤ እሱንም እዩ።

ቀጥሎ ቅዝቃዜው። ማሽኑ አዲስ ውሃ የሚጠይቀው የቀደመውን በረዶ ገፍቶ ካወጣ በኋላ ነው። ለመግፋት ደግሞ በረዶው የሚረጋበት ትሪ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ፍሪዘሩ ራሱ ከዜሮ በታች 18 ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ላይ የደሴ ሰው ልብ ይበል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፍሪጁ በረንዳ ወይም ዕቃ ቤት ከተቀመጠ በረዶ መሥራት ሊያቆም ይችላል። ፍሪዘራቸው ከላይ የሆነ ብዙ ፍሪጆች ሞተሩን የሚያዙት በታችኛው ክፍል ሙቀት ነው። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ታችኛው ክፍል ሳይሞቅ ይቆያል፣ ሞተሩ ያርፋል፣ የፍሪዘሩ ቅዝቃዜ ግን ይላላል። «በብርድ ምክንያት በረዶ አልሠራም» ስላቸው ብዙዎች አያምኑኝም። ፍሪጁን ወደ ሞቀው ክፍል አስገቡትና አንድ ቀን ጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኮምቦልቻ አንዲት እናት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ውሃው ወደ ትሪው የሚወርድባት ቱቦ በበረዶ ተዘግታለች። «በፀጉር ማድረቂያ አቀለጥኩት፣ ሠራ። ሁለት ቀን ሳይቆይ መልሶ ዘጋ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሮቶው ነዋ! የመንግሥቱማ በፈረቃ ነው።»

ሮቶው ጣራው ላይ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን የውሃ ጎማ ፈትቼ ባልዲ ውስጥ ለቀቅኩት። እንደ ክር ቀጥኖ ወረደ። ሚስጥሩ እዚያው ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ያለው፣ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ውስጡ ስስ ጎማ አለው። ያ ጎማ በደንብ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በውሃው ግፊት ነው። ብዙዎቹ ቫልቮች ቢያንስ 1.4 ባር ገደማ ይፈልጋሉ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ውሃ 1 ባር የሚያገኘው 10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ነው። ከቫልቩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። ታዲያ ቫልቩ ግማሽ ይከፈታል፣ ሲዘጋም ጠብ ጠብ ይላል። ያቺ ጠብታ ቱቦዋ ውስጥ ትረጋለች። በሚቀጥለው ዙር ውሃ መግቢያ የለውም። እትዬ ደጋግመው ያቀለጡት የችግሩን ጭራ ነበር።

እናንተም ፍሪጁን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የውሃውን መዝጊያ ዝጉና ከጀርባ ያለውን የውሃ ጎማ ፍቱ። ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ መዝጊያውን ክፈቱት። በእኔ ልማድ የአንድ ሊትር ጠርሙስ በግማሽ ደቂቃ ካልሞላ ፍሪጁን አልነካም። መፍትሔው ውሃ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው። ከ8 ባር እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የፍሪጁን የውሃ ማጣሪያ (ፊልተር) አውጥታችሁ ሞክሩ። በየስድስት ወሩ መቀየር ያለበት ዕቃ ነው፤ እኛ ጋ ድፍርስ ውሃ ስለሚበዛ ቀድሞም ይደፈናል። ብዙ ፍሪጆች ያለ ፊልተር የሚሠሩበት መክደኛ አላቸው። የቫልቩ አፍ ላይም ትንሽ ወንፊት አለች። በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አውጧት፣ ነጭ ድንጋይ ከያዘች አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፏት። በፈረቃ የጠፋ ውሃ ሲመጣ ጭቃና ዝገት ይዞ ነው የሚመጣው። የማዕድ ቤቱን ቧንቧ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱ፣ ከዚያ ለፍሪጁ ልቀቁለት።

የረጋችውን ቱቦ ስታቀልጡ ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀል። ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ በቂ ነው። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። በቢላ መጎርጎር ደግሞ ቱቦዋን ይበሳል፤ እባካችሁ አታድርጉት።

የውሃው ግፊት ጠንካራ ሆኖ፣ ቱቦውም ንጹህ ሆኖ አሁንም ካልሞላ ቫልቩን ጠርጥሩ። በመሙያው ሰዓት ጥዝዝ ካለና ውሃ ካልመጣ፣ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ወይ ቫልቩ ደርቋል ወይ ተደፍኗል። ጭራሽ ዝም ካለ ከሶኬት ነቅላችሁ ሽቦዎቹን አላቅቁና ቫልቩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅልል በቴስተር ለኩት። የ110 ቮልት ጥቅልል ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 500 ኦም ያነባል፣ የ220ው ከዚያ በጣም ይበልጣል። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል።

ከአሜሪካ የመጣ ፍሪጅ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍሪጁ በትራንስፎርመር በ110 ነው የሚሠራው። ገበያ ላይ የሚገኘው ቫልቭ ደግሞ አብዛኛው የ220 ነው። ቧንቧው ልክ ስለገጠመ ብቻ ተገጥሞ፣ አቅም አጥቶ ሳይከፈት የቀረ ቫልቭ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሙሉ ማሽኑን ሊቀይር ነበር። ቫልቩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ።

ሁሉም ሲስተካከል አንድ ቀን ሙሉ ታገሡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙር በረዶ ድፉት፤ የቱቦው ቆሻሻ እዚያ ውስጥ ነው። ውሃ ለቀናት በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ የሽቦዋን ክንድ ወደ ላይ አንሷትና ማሽኑ ይረፍ።