ዘይት ከተቀየረ በኋላ ጉልበት ያጣ ሞተር ሳይክል፦ ችግሩና መፍትሄው

"ትናንት ደህና ነበር። ዘይት አስቀየርኩ፣ ዛሬ አይጎትትም።" ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔም አላውቅም። ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ነው፦ "ዘይቱ ፎርጅድ ነው መሰለኝ።" አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዘይቱ ምንም አላጠፋም፤ የተሳሳተው ልኩ ነው።

ቤንዚን እንዳለው፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚለኩሰው) እንደሚያነድ፣ የካንዴላው ቆብ በደንብ እንደገባ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ከሰርቪሱ በኋላ ሞተሩ የብረት ድምፅ ካመጣ፣ ወይም የዘይት መብራቱ ከተነሳ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ካልጠፋ፣ ወዲያው አጥፉት። "ትንሽ ይሙቅ" የሚባል ነገር የለም። ወይ ዘይት የለውም፣ ወይ ፊልትሮው ተገልብጦ ገብቷል፣ ወይ የፊልትሮው ሞላ ተረስቶ ወለል ላይ ቀርቷል። ፈትታችሁ ሳታዩ ደግማችሁ አታስነሱት።

ሞተሩ ከብዷል፣ ቶሎ ይግላል፣ ያጨሳል

ዋናው ይሄ ነው። ዘይት በዝቶበታል።

አበዛዙ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ትናንሽ ሞተሮች ዘይት ሲቀየር የሚወስዱት 1 ሊትር ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያም ያነሰ። ማኑዋሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ሞተሩ ተበትኖ ሲገጠም የሚሞላው ነው፤ ሌላው ዘይት ብቻ ሲቀየር። የቱንም ያህል ብታንጠፈጥፉት አሮጌው ዘይት ተሟጦ ስለማይወጣ ሁለተኛው ቁጥር ያንሳል። ቀያሪው ግን ትልቁን ያነባል። ወይም ጭራሽ ምንም ሳያነብ ጠርሙሱን ይገለብጠዋል። "ለዚች ጠብታ ብዬ ጠርሙስ ላስቀምጥ?" ያለኝ መካኒክ አለ።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ሞተር ሳይክሉ በጎን ማቆሚያው ወደ ግራ አዘንብሏል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች የዘይት መሙያው በቀኝ ነው፤ መለኪያውም ክዳኑ ላይ የተያያዘው ዘንግ ነው። ዘይቱ ወደ ግራ ሸሽቷል፣ መለኪያው ጫፉን ብቻ ነክሮ ይወጣል። "ኧረ ጎድሏል!" ይባልና ይጨመራል። ይለካል፤ አሁንም ጎድሏል። ይጨመራል። ሞተር ሳይክሉን ቀና አድርጎ ማየት ማንም ትዝ አይለውም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በብዙ ሞዴሎች ሲለካ የመለኪያው ክዳን ጥርሱ ላይ ያርፋል እንጂ ተጠምዝዞ አይጠብቅም። በሌሎች ደግሞ ጠብቆ ነው የሚለካው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ማኑዋሉ ይነግራችኋል። ለመገመት አትሞክሩ።

50 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ስለበለጠ የሚሞት ሞተር አላየሁም። 300 እና 400 ሲደርስ ግን ክራንክሻፍቱ (በፒስተኑ የሚዞረው ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። ጉልበታችሁን የሚበላው ይሄ ነው። አረፋ ደግሞ በደንብ አያለሰልስም፣ ሙቀትም አያነሳም። ትርፉ ዘይት በመተንፈሻው ጎማ ሽቅብ ወጥቶ የአየር ማጣሪያው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ማጣሪያው ይርሳል፣ አየር ያንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ያጨሳል። ይሄን ያየ ሰው ምን ይላል? "ፋሻው አልቋል።" የፒስተኑን ቀለበት ማለቱ ነው።

አንድ ልጅ በዚሁ ምክንያት ሲሊንደሩ ሊወርድለት ቀጠሮ ይዞ ኖሮ፣ እስቲ አንተም እየው ብሎ መጣ። ከአየር ሳጥኑ ሥር ጫፏ የተደፈነ አጭር የጎማ ቱቦ ትኖራለች፤ ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም። ድፍኗን ስነቅለው ዘይት ፈሰሰ፣ ግማሽ ብርጭቆ ያህል። የሞተሩን ዘይት ሳፈስሰው 1.4 ሊትር ወጣ። የሚፈልገው 0.9 ነበር። ፋሻው እስከ ዛሬ አልተነካም።

ሌላው ይባስ ብሎ አሮጌው ዘይት ጭራሽ ሳይፈስ አዲሱ ተጨምሮበት ነበር። የሰርቪስ ሂሳቡን ግን ሙሉ ከፍሏል! የጠረጠርኩት በቀለሙ ነው። በጤነኛ የቤንዚን ሞተር ውስጥ ትናንት የገባ ዘይት ዛሬ እንደ ጥላሸት አይጠቁርም።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስነሱት፣ አጥፉት፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቁ። ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። ትርፉን በትልቅ መርፌና በቀጭን ቱቦ በመሙያው ቀዳዳ ሳቡት። ከሥር ያለውን ቡሎን ላላ አድርጌ ትንሽ አፍስሼ ቶሎ እመልሳለሁ አትበሉ። እኔ ብዬ ነበር። የጋለው ዘይት ክንዴ ላይ ወርዶ፣ ቡሎኑ ከእጄ አምልጦ፣ ዘይቱ በሙሉ መሬት ሆነ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ዘይቱን አስተካክላችሁ ማጣሪያውን ከረሳችሁ ምንም አልሰራችሁም። የወረቀት ከሆነ ቀይሩት፤ በቤንዚን ታጥቦ የዳነ የወረቀት ማጣሪያ የለም። ስፖንጅ ከሆነ እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁት፣ ሲደርቅ ዘይት በስሱ ቀቡት። ሳጥኑን ውስጡን ጥረጉ፣ ካንዴላውን አጽዱ። ከዚያ በኋላም ትንሽ መንገድ ያህል ያጨሳል፤ ማርሚታው ውስጥ የቀረው እየነደደ ነው። የኋላ ጎማውን ሳታዩ ግን አትውጡ። ከሳጥኑ የወረደ ዘይት ጎማው ላይ ካረፈ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነው የምትወድቁት። በሳሙና እጠቡት።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም

ይሄኛው ፍሪሲዮን ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው። 4ኛ ወይም 5ኛ ማርሽ አስገብታችሁ ዳገት ላይ ጋዝ ስጡት። የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ፣ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ነው።

መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ካቦ እዩ። የእጀታው ጫፍ ፍሪሲዮኑን መሳብ ከመጀመሩ በፊት በአብዛኞቹ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በባዶ መሄድ አለበት። ሰርቪስ ላይ "እግረ መንገዴን" ብሎ ካቦ የሚያጠብቅ ሰው ሞልቷል።

ካቦው ደህና ከሆነ ጠርሙሱን አምጡና አንብቡ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም የሚታጠቡት በአንድ ዘይት ነው። ለመኪና የተሰሩ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ሰበቃን የሚቀንስ ኬሚካል አለባቸው። ለመኪና ጥሩ ነው። ለፍሪሲዮን ግን መንሸራተት ማለት ነው። ለዚህ ሲባል የጃፓኑ የአውቶሞቲቭ ደረጃ ድርጅት ጃሶ በ1998 እ.ኤ.አ. የሞተር ሳይክል ዘይትን ለየው። ጠርሙሱ ላይ "ጃሶ ኤምኤ" ወይም "ኤምኤ2" የሚል ካለ፣ ዘይት ውስጥ ለሚሰራ ፍሪሲዮን ነው። "ኤምቢ" ከሆነ ለስኩተርና ለመሳሰሉት ነው፤ ለእናንተ አይሆንም። "ውድ ዘይት ነው እኮ የሞላሁት" የሚል ሰው ያናድደኛል። ውድነቱን ማን ጠየቀ?

ሞተሩን አሙቃችሁ ዘይቱን አፍስሱ፣ ትክክለኛውን ሙሉ። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ሁለት ቅያሪ ይፈልጋል። ለሳምንታት እየተንሸራተተ ከተነዳ ግን ዲስኮቹ ተቃጥለዋል። ክዳኑን ክፈቱ፣ ውፍረታቸውን ለኩ፣ ብረቶቹ ሰማያዊ ከሆኑ አታመንቱ፣ ቀይሩ። አዲሶቹን ዲስኮች ዘይት ውስጥ ሳትነክሩ አትግጠሙ። ጉልበት ይሰጣል ተብሎ የሚሸጠውን መጨመሪያማ ጭራሽ አታስጠጉ።

የቀሩት

ጠዋት ጠዋት ማርሽ ከከበደና ዜሮ ማርሽ አልገኝ ካለ፣ ሲሞቅ ግን ከተስተካከለ፣ ዘይቱ ለቦታው ብርድ ወፍሯል። ማኑዋሉ ወደሚለው የዘይት ውፍረት ቁጥር ተመለሱ።

ሚኒሞው (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ልክ) ከተለወጠ ብዙ ጊዜ ሰርቪስ የሰራው ሰው ነክቶታል፤ ሞተሩ ሲሞቅ አስተካክሉት።

ጋዝ ሲለቀቅ ማርሚታው ከተኮሰ የአየር ሳጥኑንና ካርቡራተሩን የሚያገናኘውን ጎማ እዩ። ማጣሪያ ሲጸዳ በደንብ ሳይገባ ቀርቷል።

ጭሱ ከማርሚታው ጫፍ ሳይሆን ከላዩ ከሆነ ሲቀዳ የፈሰሰ ዘይት ነው፤ ነድዶ ያልቃል።

ከሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ሮንዴላዋን (የቡሎኑን ማሸጊያ ቀለበት) ቀይሩ። ቡሎኑን በረጅም ቁልፍ አትታገሉት፤ ጥርሱ አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ከተላጠ ሥራው ሌላ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ቡሎኑ ሲፈታ ሞላና ወንፊት አብረው ይወርዳሉ። ዘይቱ የፈሰሰበትን ሳህን ከመድፋታችሁ በፊት ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ።