የባሕር ዳር ሙቀት፣ ደመናና የጥር ንጋት ለጣሪያ ሶላር

ከሶላር ፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈው «450 ዋት» የሚለው ቁጥር የተለካው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ ሴሉ (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ደግሞ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ባሕር ዳር ጣሪያ ላይ እነዚህ ሁለቱ አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። ያን ያህል ብርሃን ሲኖር ፓኔሉ ይግላል፤ ፓኔሉ ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ወይ ገና ጧት ነው፣ ወይ ሰማዩ ደምኗል።

የመጋቢትን ቀትር እንውሰድ። አየሩ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ ከስሩ ነፋስ የሚያገኝ ፓኔል እንኳ ሴሉ 60 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አብዛኞቹ ፓኔሎች ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ያህል ኃይል ያጣሉ (ትክክለኛው ቁጥር ከፓኔሉ ጋር በሚመጣው የመረጃ ወረቀት ላይ አለ)። የ35 ዲግሪ ልዩነት 12 በመቶ ይሆናል፤ 450 ዋቱ ወደ 395 ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሻጩ ጋ ይዞ መሄድም አያስፈልግም። ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ የታሰረ ፓኔል ግን ከዚህም በላይ ይግላል፣ ያ ደግሞ የገጣሚው ጥፋት ነው። በቆርቆሮውና በፓኔሉ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ፣ ከሰሜን በኩል ስለሚመጣ በተለይ የሰሜኑን ጠርዝ አይዝጉት። ወፍ ጎጆ እንዳይሠራበት ከሰጉ የወንፊት ሽቦ ያስሩበት እንጂ ላሜራ አይምቱበት።

ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብሉት። ከ10 ካነሰ የዝናቡ ውሃ ታችኛው ፍሬም ላይ ይቋጥርና ጭቃ ያስቀምጣል። ጥላ ሲፈትሹ ግን ደቡቡን ብቻ አይዩ። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ሰሞን ድረስ የቀትሯ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ወደ ማታ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ በኩል ትጠልቃለች። በታኅሣሥ ምንም ያላደረገው የጎረቤት ሮቶ በሰኔ ጥላውን ሊጥልብዎት ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት እንምጣ። ሙቀት ቮልቱን እንደሚያወርደው ሁሉ ቅዝቃዜ ከፍ ያደርገዋል። ቪኦሲው፣ ማለትም ምንም ሳይገናኝ የሚለካው ቮልት፣ 49.5 የሆነ ፓኔል ሦስቱ በሲሪስ (አንዱ ከሌላው ተከታትሎ፣ ቮልታቸው እየተደመረ) ሲያያዙ 148.5 ቮልት ይሆናሉ። የቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል ለባትሪው የሚመጥነው መሣሪያ፣ የሚችለው ከፍተኛ ቮልት 150 ነው፤ ወረቀት ላይ ይበቃል። የጥር ንጋት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ጥርት ያለ ሰማይ ያደረበት ፓኔል ደግሞ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ሴሉ 5 ዲግሪ ነው ብለን እናስላ፦ ከ25 በ20 ዲግሪ ያንሳል፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.27 በመቶ ይጨምራል፤ በድምሩ 5.4 በመቶ። 49.5 ቮልቱ 52.2 ይሆናል፣ ሦስቱ 156.5። የመጀመሪያው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል፤ በሚያዝያ ተገጥሞ ወራት «በሰላም» ቢሠራም እንኳ። ሁለት ሁለቱን በሲሪስ፣ ጥንዶቹን በፓራለል (ጎን ለጎን፣ ቮልታቸው ሳይደመር) ያያይዙ፤ 104 ቮልት ላይ ያርፋሉ።

ሐምሌና ነሐሴ የሂሳቡ ሌላ ጫፍ ናቸው። ሰማዩ ጥቅጥቅ ብሎ ሲደምን ፓኔሉ ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ይሰጣል፤ 450 ዋቱ ከ45 እስከ 110 ዋት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የፓኔሉን ብዛት በክረምቱ ይወስኑ። ቤቱ በቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈልግ ከሆነ፣ ለክረምት 3.5 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ብርሃን ተጠቃሎ በ1000 ዋት ሲታሰብ የሚሆነው ሰዓት)፣ ለሽቦው፣ ለባትሪውና ለሙቀቱ ብክነት 25 በመቶ ይያዙ፤ 2000 ለ3.5 ሲካፈል፣ እንደገና ለ0.75 ሲካፈል 762 ዋት ይመጣል። ባለ 450 ሁለት ፓኔል ማለት ነው። የክረምቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚበረታ ፓምፑንና ካውያውን ከጧቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጠቀሙ። በደመና ክፍተት ፀሐይ ድንገት ስትወጣ ደግሞ የቀዘቀዘው ፓኔል ለጥቂት ደቂቃ ከተጻፈለት በላይ ሊሰጥ ይችላል። ለሽቦውና ለብሬከሩ የአጭር ዙር ከረንቱን (የፓኔሉ ሁለት ገመዶች በቀጥታ ሲገናኙ የሚፈሰውን) በ1.56 ያባዙ የሚባለው አንዱ ለዚህ ነው። ብሬከሩም የዲሲ (የቀጥታ ከረንት) ይሁን።

ከኅዳር እስከ ግንቦት አቧራ ነው፤ ሐይቁ ዳር ላይ የሌሊት ጤዛ አቧራውን ያረጥበዋል፣ ፀሐይ ትጋግረዋለች። የወፍ ኩስ ይብሳል። አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ የፓኔሉን ሲሶ ምርት ይዞ ይሄዳል፤ ሴሎቹ በሦስት ምድብ የተያያዙ ናቸውና። በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠጠር መንገድ ዳር ከሆኑ በየሳምንቱ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት በፊት በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ያጽዱ። ቀትር ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። የደረቀውን ኩስ አይፋቁት፣ እርጥብ ጨርቅ አድርገውበት አሥር ደቂቃ ይጠብቁ።

ምርቱ ሲቀንስ አየሩ ነው ወይስ ብልሽት ለሚለው አንድ ልኬት ይበቃል። በጥርት ቀትር ብሬከሩን መጀመሪያ ያጥፉ፣ ከዚያ የፓኔሉን ገመድ ነቅለው በቴስተር ይለኩ። ባለ 49.5 ፓኔል ጋል ብሎ 45 ቮልት ገደማ ካነበበ ሙቀት ነው፣ ጤነኛ ነው። 30 ገደማ ካነበበ ግን ከጀርባው ባለው ሳጥን ውስጥ ከሦስቱ የሴል ምድቦች አንዱን የሚጠብቀው ዳዮድ ተቃጥሏል፤ የግንቦትና የሰኔ መብረቅ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።