የቤዝ ጊታሬ ድምፅ ከድራም ጋር ሲሆን ይጠፋ ነበር፣ እንዲህ አስተካከልኩት

ቤት ውስጥ አሪፍ የነበረው 30 ዋት ኮምቦዬ (አምፕና ስፒከሩ አንድ ላይ የሆነ) ድራመሩ መምታት ሲጀምር ጭራሽ አይሰማም ነበር፣ እኔም ቤዝ ኖቡን እስከ መጨረሻው ሳዞረው ባለ 8 ኢንቹ ስፒከር መንቀጥቀጥ ጀመረና ድምፁ ተበላሸ።

ለካ ጥፋቱ እዛው ነው። ወፍራሙ የኢ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ እዛ ታች ያለውን ለመግፋት አምፑ ጉልበቱን ሁሉ ይጨርሳል፣ ጆሮ ደግሞ ኖቱን የሚለየው ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) ላይ ነው። ቤዙን ቀነስኩ፣ ሚዱን ትንሽ ጨመርኩ፣ አምፑን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው እያንዳንዱ ኖት ጥርት ብሎ መጣ!

ለመድረክ ግን ይሄ አይበቃም። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ከ30 ወደ 60 መሄድ ብዙም ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ ባለ 12 ኢንች 300 ዋት ያዝኩ፣ ክላስ ዲ (ክብደቱ ቀለል ያለ የአምፕ ዓይነት) ስለሆነ ለመሸከም አይከብድም፣ ለማታ ልምምድ የኢርፎን መሰኪያ አለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዲአይ አውት የሚባል የድምፅ መውጫ አለው። ትልቅ መድረክ ላይ በሱ ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ እልካለሁ። ዲአይውን ፕሪ (ድምፁ ከቤዝና ሚድ ኖቦቹ በፊት የሚወጣበት) ላይ አድርጉት እሺ፣ ያለዚያ ኖብ በነካችሁ ቁጥር የሳውንድ ማኑ ሚክስ ይቀየርበታል።