የመኪና ፍሪጅ ሲያስቸግር፦ ጋዝ ከማስሞላት በፊት ባትሪውን ለኩ

ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሹፌር ጋቢናው ውስጥ ፍሪጅ ቢያስገባ አይፈረድበትም። የአፋርን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ፍሪጁ እምቢ ሲል ግን አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ጋዝ ወደሚሞላ ባለሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ጋዙ ምንም አልሆነም። የመኪና ፍሪጅ ቮልት ሲያንሰው ራሱን ያጠፋል፤ ስሪቱ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቱቦ ከማስነካታችሁ በፊት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዙ።

ሞተር ሲጠፋ ፍሪጁም ብዙ አይቆይም

ሐረጎን ስትወጡ ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ ደሴ ገብታችሁ ስታቆሙ ጸጥ ይላል። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ስለሚሰጥ የባትሪው ድካም አይታይም። ፍሪጁን ነቅላችሁ አሳድሩና ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ለኩ። 12.6 አካባቢ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ጠዋት 12 የሚያሳይ ባትሪ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ዲናሞው አይሞላውም፣ ወይ ሌሊት የሚጠባው ነገር አለ።

ብዙ ፍሪጆች ላይ ባትሪው ሳያልቅ ፍሪጁን የሚያጠፋ፣ ኤች (ከፍተኛ)፣ ኤም (መካከለኛ)፣ ኤል (ዝቅተኛ) የሚል የባትሪ መከላከያ አለ። ቶሎ እንዳይጠፋ ብላችሁ ኤል ላይ አታድርጉት። ፍሪጁ ያድራል፣ ጠዋት መኪናው አይነሳም። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ላይ ከተሰካ ቦታው ኤች ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ ካላችሁ ለብቻው ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገዋል።

ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፍሪጁ ግን ይነሳና ይጠፋል

ሰው የሚያብደው እዚህ ላይ ነው። ቴስተሩ ባትሪው ላይ 12.6 ይላል፤ ኮምፕረሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) ተነስቶ ወዲያው ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። ጥፋተኛው ሽቦው ነው።

ሒሳቡን እዩት። ከባትሪ እስከ ፍሪጅ 6 ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 12 ሜትር ነው። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆኖ 5 አምፒር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ደግሞ የበለጠ ይስባል። ቮልቱ ወረደ ብሎ ይጠፋል፣ ሲጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፣ ስለተመለሰ እንደገና ይነሳል። የሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት ከሆነ ይብሳል፤ ይላላል፣ ይግላል። መሰኪያውን ነቅላችሁ ጫፉን ንኩት፤ ከጋለ ነገሩ ታወቀ።

ፍተሻው ቀላል ነው። ኮምፕረሰሩ በሚነሳበት ሰዓት ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ ፍሪጁ መሰኪያ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሽቦ ቀይሩ። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያ 0.7 ወደ 0.2 ገደማ ይወርዳል። በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፣ ፖዘቲቩ ላይ ከባትሪው አጠገብ 15 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ይቅር፤ በጆሮ (የሽቦ ጫፍ ላይ በሚነከስ ብረት) ተነክሶ ይታሰር። ዳንፎስ ወይም ሴኮፕ ኮምፕረሰር ያለው ፍሪጅ የብልሽት ማሳያ መብራቱ አንድ አንዴ ብቻ ብልጭ እያለ ከቆመ የሚነግራችሁ ይህንኑ የቮልት ማነስ ነው።

24 ቮልት መኪና ላይ 12 ቮልት ፍሪጅ

ከባድ መኪና ተያይዘው 24 የሚሰጡ ሁለት 12 ቮልት ባትሪዎች አሉት። አንዳንዱ ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት ይስባል። ይሠራል፤ ግን ያ ባትሪ ሁሌም ጎዶሎ ይሆናል፣ ጓደኛው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይሞታሉ፣ ሰውም ባትሪውን ሸቃባ ነው ይላል። መፍትሄው ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ነው። ብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ደግሞ ሁለቱንም ቮልት ይቀበላሉ፤ ጀርባቸው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ሳያርፍ ይሠራል፣ አያቀዘቅዝም

ይሄ የባትሪ ጉዳይ አይደለም። የአየር መውጫው በብርድ ልብስ ወይም በሻንጣ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። ኮምፕረሰር የሌለው ርካሽ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ከውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ሚሌ ላይ 40 ከሆነ ከ20 በታች ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

በሚነድ ጋዝ የሚሠራው የካምፐር (መኝታ ያለው መኪና) ፍሪጅ

በጋዝ ቢሠራም መቆጣጠሪያው 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ባትሪ ሲደክም የጋዙ ቫልቭ ይዘጋል። መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመም አያቀዘቅዝም። ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ እሳቱም ሊጠፋ ይችላል። ባትሪው ደህና ሆኖ እዚያ እምቢ ካለ፣ ለጥገና ከመክፈላችሁ በፊት ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ሜዳ ቦታ አቁሙና ሞክሩት።