ከከተማ ዳር ባለ ሰፈር የልጆች የንባብ ሰዓት እንዴት ይጀመራል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ በአዲስ አበባ ዳር ያሉ፣ በልጅ የተሞሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ናቸው። የልጆች መጽሐፍ ግን እንደ ልብ አይገኝም። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ግን የ7 ዓመት ልጅ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይምጣ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላ ደግሞ በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ይሄድ ጀመር። እናንተ አህያም አያስፈልጋችሁም። 30 ያህል መጽሐፍና አንድ ምንጣፍ ይበቃል።

1. ዕድሩን አነጋግሩ

ብዙ ሰው መጽሐፍ ከመሰብሰብ ይጀምራል። እኔ ግን ከዕድሩ ጀምሩ እላለሁ። ዕድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ከሁሉም በላይ ሰው ያምነዋል። ሊቀመንበሩን ከስብሰባው በፊት አግኟቸው። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ መጽሐፍ ልናነብላቸው አስበናል፤ ቦታና ወንበር ብትፈቅዱልን» ካላችሁ በቂ ነው። ገንዘብ አትጠይቁ። «ትምህርቱን ቢያጠና አይሻልም? ተረት ምን ይሠራለታል?» የሚሉ እናት አይጠፉም። አትከራከሯቸው፤ መጥተው እንዲያዩ ጋብዟቸው።

2. ቀንና ቦታ ምረጡ

ኮሚናሉ፣ ማለትም የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መጠቀሚያ ቤት፣ ክፍት ከሆነ እዚያው ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ጥሩ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን የውሃውን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጀሪካን ይዞ የተላከ ልጅ ለንባብ አይመጣም።

3. መጽሐፍ ሰብስቡ

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ፈልጉ። በአፍሪካን ስቶሪቡክ ድረ ገጽ ላይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ባለ ሥዕል ታሪኮች በነፃ ይገኛሉ፤ ማተምም ይፈቀዳል። አፋን ኦሮሞውን አደራ እንዳትተዉት። በእነዚህ ሰፈሮች ቤቱ በኦሮምኛ የሚያወራ ልጅ ብዙ ነው፤ የራሱን ቋንቋ መጽሐፍ ላይ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ሽፋኑን በላስቲክ ሸፍኑ፣ የተቀደደውን በስኮች ለጥፉ።

4. ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ዋናው ይሄ ነው። ልጆቹን ምንጣፉ ላይ በግማሽ ክብ አስቀምጡ፤ ትንንሾቹ ከፊት ይሁኑ። «ተረት ተረት» በሉ። «የላም በረት» የሚለው መልስ ሲመጣ ሁሉም አብሯችሁ ነው። ያንን ባህል አያቶቻችን ሠርተው አስረክበውናል፤ እንጠቀምበት።

መጽሐፉን ከጎን ያዙት፤ ሥዕሉ ወደ ልጆቹ ይዙር። በምታነቡት መስመር ሥር ጣታችሁን ቀስ እያላችሁ አስኬዱ፤ ፊደል ገና ያልለየው ልጅ የሚሰማው ቃል የትኛው እንደሆነ ያያል። ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ቁሙ። «አሁን ጅቡ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ከኋላ የተቀመጠችውን ዝምተኛ ልጅ ጠይቋት። መልስ እስክታገኝ ጠብቋት፣ አታቋርጧት። የተሳሳተ ግምት የለም፤ ገምቶ የጠበቀ ልጅ ቀጣዩን ገጽ በጉጉት ያዳምጣል። እንደ አስተማሪ «የታሪኩ ትምህርት ምንድን ነው?» እያላችሁ ግን አታፋጥጧቸው። ደግመህ አንብብልን ካሉ ደግማችሁ አንብቡ። ከ20 ደቂቃ በላይ አትሂዱ።

5. መጽሐፉ ወደ ቤት ይሂድ

እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል። «ይቀድዱታል፣ ይጠፋል» ይባላል። አዎ፣ ጥቂቱ ይቀደዳል፣ ጥቂቱም ይጠፋል። ቢሆንም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከሚቀመጥ ልጅ እጅ ላይ ቢያልቅ ይሻላል። በአንድ ደብተር የልጁን ስም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ የመጽሐፉን ርዕስ ጻፉ። መጽሐፉ ቤት ሲገባ ታላቅ እህት ለታናሿ ታነባለች፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናትም ሥዕሉን እያዩ ያዳምጣሉ። ለጠፋ መጽሐፍ ቅጣት አታስከፍሉ፤ ቅጣት የፈራ ልጅ ሁለተኛ አይመለስም።

6. የሰፈሩን ተረት መጽሐፍ አድርጉት

ወር በገባ በአንዱ ቅዳሜ አንድ አዛውንት ጋብዙ። እሳቸው ያውሩ፣ ትልልቆቹ ልጆች ይጻፉ፣ ትንንሾቹ ሥዕል ይሳሉ። 4 የA4 ወረቀት መሃል ለመሃል አጥፋችሁ በስቴፕለር ስትመቱት 16 ገጽ ይወጣዋል። ሽፋኑ ላይ የተራኪውንና የልጆቹን ስም ጻፉ፤ ከሌሎቹ መጻሕፍት ጋርም በውሰት ይዙር። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ለዚህ ሥራ ጥሩ ጊዜ ነው። ዝናቡን ግን አትርሱ፤ ኮሚናሉ ከሌለ የዕድሩን ድንኳን ቀደም ብላችሁ አስፈቅዱ።