ከሐዋሳ ተነሥቶ ለደጋ አጋዘን አደን የሚወጣ ሰው ጥይት ሲመርጥ

ፈቃዱን አሟልቶ ከሐዋሳ ወደ ባሌ ደጋ የሚወጣ አዳኝ ከጠመንጃው ይልቅ ስለ አረሩ ዓይነት አብዝቶ ሊያስብ ይገባል። ለትልልቅ እንስሳት አደን በሚያገለግለው ኃይለኛ የ.375 ማግነም ጠመንጃ የተለመደው አረር 300 ግሬይን፣ ማለትም 19.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጫፉ ለስላሳ የሆነው አረር ሥጋ ውስጥ ስለሚሰፋ ለአጋዘን ይስማማል፤ ድፍኑ ግን ሳይሰፋ በጥልቀት እንዲዘልቅና የጎሽን ወፍራም አጥንት እንዲሰብር የተሠራ በመሆኑ፣ አጋዘኑን በስቶ አልፎ ከኋላ የቆመችውን እንስት ሊያቆስል ይችላል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ጥይቱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ አየሩ ስለሚሳሳ አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከአደኑ በፊት በዚያው ጥይት ኢላማ ላይ ሦስት ጊዜ ተኩሰው ማነጣጠሪያውን ያስተካክሉ።